ዕቃ ነው ሕክምና?

አዲስ አበባ ላይ «ባንኮክ ልሄድ ነው» ካልክ የሚጠብቅህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ወይ «ምን ልታመጣ?» ይሉሃል፤ ወይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምንህን ነው ያመመህ?» ይሉሃል። ሦስተኛ ምክንያት የለም። እኔ «ለማየት ነው» በማለቴ እናቴ ሦስት ቀን አልተኛችም። የደበቅኳት በሽታ ያለ መስሏት።

አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እትዬም ያው ናቸው። ቀበቷቸውን ሳያስሩ «ዕቃ ነው ሕክምና?» አሉኝ።

«ጉብኝት» አልኳቸው።

«ማንን?»

«ከተማውን።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ታዲያ ስትመለስ ኪሎህ ባዶ ነዋ!» ሳናርፍ ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ።

ስለ ቦርሳዬ ትንሽ ልበል። ፈረንጅ ዓለምን የሚዞርበት፣ በጀርባ የሚታዘል፣ ከባለቤቱ አናት በላይ የሚቆም ዓይነት ነው። እኛ አገር ይህን የሚያህል ሸክም ጀርባው ላይ የጫነ ሰው ይከፈለዋል። እኔ ከፍዬ ነው የምሸከመው።

ያረፍኩት ካኦሳን መንገድ አጠገብ ነበር። ስሙ በታይኛ የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው። ድሮ የሩዝ ገበያ ነበር፤ ዛሬ የሚሰጣበት ፈረንጅ ነው። መንገዱ ቢረዝም 400 ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ሱሪ፣ ንቅሳት፣ መታሻ እና በእንጨት የተሰካ ጥብስ ጊንጥ ይሸጣል። ጊንጡን ፎቶ ማንሳትም ያስከፍላል። ጊንጥ የሚበላ ታይ ግን በዓይኔ አላየሁም።

ክፍላችን ስምንት ሰው የሚያድርበት፣ ተደራራቢ አልጋ ያለው ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አራት ዓመት ላይኛው አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። የተመረቅኩ ቀን «ሁለተኛ!» ብዬ ምዬ ነበር። ይኸው በገዛ ገንዘቤ ተመለስኩ። ያውም ላይኛው ደረሰኝ።

ማታ ማታ የክፍሉ ወሬ አንድ ነው፤ በስንት ገዛህ? አንዱ «ኑድል በ50 ባት በላሁ» ይላል። ሌላው «እኔ በ40» ይላል። ባለ 40ው ጀግና ሆኖ ያድራል። እኛ ሰፈር በ500 ብር የተገዛ ጫማ 5,000 ተብሎ ነው የሚወራው። እዚህ ደግሞ ውድ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ለ10 ባት ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። እኔ በሁለቱም ዓለም ተበላሁ። በእኛ ልማድ በውድ ገዝቼ፣ በእነሱ ልማድ በርካሽ ነው እያልኩ አወራለሁ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሄድኩ። ባንኮክ መናገሻ ስትሆን፣ በ1782 መሠራት የተጀመረ ነው። በሩ ጋ ሳልደርስ ሸሚዙን የተኮሰ አንድ ሰውዬ ፈገግ ብሎ አስቆመኝ። «ዛሬ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው፤ ጸሎት አለ» አለኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ሕዝብ ነው! እስኪከፈት ብሎ ቱክቱክ ጠራልኝ፤ የእኛው ባጃጅ ማለት ነው። ከተማውን በሙሉ በ20 ባት። እኔ ደግሞ ዛሬ ማታ የክፍሉ ጀግና ማን እንደሆነ እያሰብኩ ገባሁ።

መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ቤተ መቅደስ አየን። ከዚያ ልብስ ሰፊ ቤት። በዚያ ወበቅ ሱፍ ሊያሰፉልኝ ትከሻዬን ለኩኝ። ከዚያ የከበረ ድንጋይ መሸጫ። ለካ ባለ ባጃጁ ሰው ባደረሰ ቁጥር የነዳጅ ኩፖን ይሰጠዋል። መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ፣ «ወንድም፣ ናማ» ሲሉኝ ዞር የማልል ሰው፣ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዤ ደላላ እጅ ወደቅሁ። ማታ ስገባ «ቤተ መንግሥቱ ዝግ ነው የሚላችሁን አትመኑ» የሚል ወረቀት ከአልጋዬ ፊት ለፊት ተለጥፎ አየሁ። እዚያው ነበር፤ ከመጀመሪያውም።

በማግስቱ ቁምጣ ለብሼ ሄጄ ቁምጣ አይገባም ተባልኩ። በር ላይ ዝሆን የታተመበት ሱሪ ገዛሁ። ውስጥ የኤመራልድ ቡድሃ የሚባለው ሐውልት አለ፤ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወቅት በተቀየረ ቁጥር፣ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ንጉሡ ራሳቸው የወርቅ ልብሱን ይቀይሩለታል። እኔ ያለኝ ሁለት ሱሪ ነው፤ አንዱ ባለ ዝሆን። ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ያለው ቡድሃ ደግሞ ጋደም ያለ ነው፤ 46 ሜትር። እግሬ አብጦ ስለነበር ቀናሁ። ጫማ ማውለቁ ግን የሚያውቀኝ ነገር ነው። ፈረንጆቹ ክራቸውን ፈተው ሳይጨርሱ እኔ ገብቼ ወጥቻለሁ።

አገራቸው አገሬ የመሰለኝ በሰዓት ነው። ታይዎች «ማታ 1 ሰዓት» ሲሉ የእኛው ማታ 1 ሰዓት ነው። ፈረንጁ ጣቱን ሲቆጥር እኔ ራት በልቼ እመለሳለሁ። ዓመቱን ግን ተዉት። ፈረንጅ 2024 ሲል እነሱ 2567 ይላሉ። በ2016 ከቦሌ የተነሳሁ ሰውዬ 2567 ላይ አረፍኩ። ጄት ላግ የሚሉት ይሄን ከሆነ እውነትም ይከብዳል።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ አለህ? 12 ሰዓት ላይ ራቻቴዊ ባቡር ጣቢያ ጠብቀኝ።»

ጣቢያው ፕራቱናም ከሚባለው የልብስ ገበያ አካባቢ ነው፤ በሴን ሴብ ቦይ ጀልባ ሄድኩ። ሌላ ጀልባ ሲመጣ ዳር ዳር የተቀመጠው ሰው ገመድ ስቦ ሸራውን ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው እንዳይረጭ። ዳር የተቀመጥኩት እኔ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። የተረጨነው ጠበል እንዳልሆነ ከሽታው ሁላችንም ተረዳን።

ጣቢያው ላይ እትዬን በሩቁ አየኋቸው፤ ሦስት ትልልቅ ፌስታል አንጠልጥለዋል። እየሮጥኩ ስሄድ ሙዚቃ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። እትዬም ከነፌስታላቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። የምንቀሳቀስ እኔ ብቻ፣ ያውም በዝሆን ሱሪ። ለካ ጠዋት 2 ሰዓት እና ማታ 12 ሰዓት ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል። መዝሙሩ ሲያልቅ «ሃያ ጊዜ መጥቻለሁ፣ አንድም ቀን አሳፍሬያቸው አላውቅም» አሉኝ።

ቤተ መንግሥቱን እንዳየሁ ነገርኳቸው።

«መግቢያው ስንት ነው?»

«500 ባት።»

«ሦስት ብትወስድስ አይቀንሱም?»

ፕራቱናም ሦስት ፍሬ ከወሰድክ የጅምላ ዋጋ ነው። የቤተ መንግሥቱን እንዳልጠየቅኩ ስነግራቸው አዘኑልኝ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍተው መጠቅጠቅ ጀመሩ።

ቦሌ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን አስቆመው። «ለንግድ ነው የሄድከው?»

«ለጉብኝት።»

ዚፑን ከፈተ። አንድ ጂንስ አወጣ፤ የሴት። ሌላ አወጣ፤ ያው ቀለም፣ ከፍ ያለ ቁጥር። አሥራ አምስት ደርሶ ዝሆኑን ሱሪ አገኘ። ያንን ለብቻው አስቀመጠው።

«የማን ናቸው?»

ዞር አልኩ። እትዬ የጣራውን መብራት እየጎበኙ ነበር።