ይድረስ በሳሎናችን በር ላይ ለተንጠለጠላችሁ ሦስት ጓጉንቸሮች

ጉዳዩ፦ ቬንትሌተር እንድትለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኛ ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነን። እናንተስ? ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ትልቁን ነካ ባደርገው ጣቴን ለበለበኝ። ደግሜ የያዝኩት በሽርጤ ጠቅልዬ ነው። አልተከፈታችሁም። አልፈርድባችሁም፤ ሦስቱን ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ የመጣ ሰው አይታችሁ አታውቁማ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቃችሁ ላስተዋውቃችሁ። ትልቁ፣ ቢጫው፣ የታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን በ2014 ያረፈ ጊዜ፣ የአርባው ድስት ሳይታጠብ ነው የሰቀለው። «ለጥበቃ ነው» አለ። ከማን እንደሚጠብቅ አልተናገረም። እህቴ ግን ገባት። በማግስቱ ታይዋን ገበያ ሄዳ ሁለተኛውን ገዝታ መጣች። «እኔም ለጥበቃ ነው» አለች። ሦስተኛዋ፣ ትንሿና ርካሿ፣ የኔ ናት። እኔ እንኳ ምክንያት አልሰጠሁም። ሁለቱ ሲጠብቁ ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ።

ከዚያ ወንድሜ ቁልፉን ይዞ አዲስ አበባ ተመለሰ። እህቴ ቁልፏን በቦርሳዋ ይዛ ዱባይ ሄደች። ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለችውን ሳሎናችንን ለመክፈት ከአዲስ አበባ አንድ ሰው፣ ከዱባይ አንድ ሰው፣ ከከፊራ ደግሞ እኔ መገኘት አለብን። አቦ፣ የባንክ ካዝና እንኳ በሁለት ሰው ይከፈታል!

ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ፣ ቡፌ፣ የአባዬ ሬዲዮና ቬንትሌተሩ። እማዬ ከኋላ ሰርቪስ ቤት ነው የምትተኛው። ድሬ በሰኔ ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግርም፤ ብረት ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ በሰፌድ ታራግባለች። ሰፌዱ ጫፉ ተነቅሏል፤ ባራገበች ቁጥር ቋ ቋ ይላል። ቬንትሌተሩ ከእሷ በአንድ ግድግዳና በሦስት ጓጉንቸር ርቀት ላይ ቆሟል።

እዚህ ላይ ጠበቃ ዘንድ ሄደን የሰማነውን ልንገራችሁ፤ እናንተንም ይመለከታል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። (ሐረሮች የራሳቸው አላቸው።) በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት የጋራ ነው። ስለዚህ አባዬ ሲሞት ግማሹ ቀድሞውኑ የእማዬ ነበር፤ ውርስ የሚባለው ወሬ ውስጥ አይገባም። የሚወረሰው ቀሪው ግማሽ ነው፤ እሱ ለሦስታችን እኩል ይካፈላል። ጠበቃው ይህን ሲል በልቤ አሰላሁ። እኔ የዚህ ቤት አንድ ስድስተኛ አለኝ። በአንድ ስድስተኛ ሙሉ ጓጉንቸር ሰቀልኩ። ግማሹ ያላት እማዬ አንድም አልሰቀለችም።

ለምን ቁልፍ አልሰጠናትም? ለአንዳችን ትሰጥብናለች ብለን ነው። «እናት አታዳላም» እየተባልን ነው ያደግነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ መጫን ግን አይሆንም። አባታችን ሳይናዘዝ የሞተ ሰው አልነበረም። ምድር ባቡር ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ ወረቀት ያከብራል። ከሞተ በኋላ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተን አገኘነው። የውኃ ደረሰኝ፣ አዝራር፣ ክር፣ ከሥር አንድ ሉክ። ሙሉውን በእጁ ጽፎታል፣ «ኑዛዜ» ብሎ ከላይ አስምሮበታል፣ ቀኑን አድርጎ ፈርሟል። ቤቱ እማዬ እስካለች ድረስ የእሷ፣ ከዚያ ለልጆቼ እኩል ይላል። ሬዲዮው ለኔ። የጽሕፈቱ ማማር! አለቀስን። ወንድሜም አለቀሰ፣ ቁልፉን ኪሱ እንደያዘ።

ጠበቃው አንብቦ ቀና አለ። «መቼ ነው የተጻፈው?» አለ። በ2005። «ተቀምጦ ነበር?» አዎ፣ ቆርቆሮ ውስጥ። ሰውየው ሳቁን ዋጠ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 903 ቆርቆሮ አያውቅም። ሰው በእጁ የጻፈው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። የአባዬ 9 ዓመት ሆኖታል። እንደ መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል።

ለምን አላስቀመጠም? ሊያስቀምጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ በሩ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። «ውልና ማስረጃ ደርሼ ልምጣ» ይላል። «ለምኑ?» እንለዋለን። «ኑዛዜዬን…» ሳይጨርስ አራታችንም በአንድ አፍ «አታሟርት!» እማዬ ታማትባለች። እህቴ ትቆጣለች። እኔ ባጃጁን አሰናብተዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ ቁጭ ይልና ሬዲዮውን ይከፍታል። አሁን ሳስበው፣ ውድ ጓጉንቸሮች፣ ከእናንተ በፊት በዚያ በር ላይ የተሰቀለው ያ ቃል ነው።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ቀላል መሆኑ ነው። አራት ምስክር ፊት ተጽፎና ተነቦ የሚፈረም ኑዛዜ አለ፤ ይኼ የ7 ዓመት ጣጣ የለበትም። ከአራቱ አንዱ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ አራት ሰው አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ማግኘት መቼ ከብዶ ያውቃል? ቀኑን ሙሉ አይነሱም!

ወንድሜ የራሱ ኑዛዜ አለው። «አባዬ ሆስፒታል አልጋ ላይ ቤቱን ለኔ ብሎኛል» ይላል። ይህንንም ጠየቅን። የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ስለ ቀብርህ ትናገርበታለህ፣ ላካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችህ ሞግዚት ትሰይምበታለህ፣ ስጦታ ግን ከ500 ብር አያልፍም። በ1952 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ እናንተን ሦስታችሁን ለመግዛት መብቃቱን እንጃ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ሐጂ ከአባዬ በኋላ ነው ያረፉት። ልጆቻቸው ተስማምተው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዱ። ኑዛዜ ከሲሶ አያልፍም፣ ልጅ ካለ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ። ወደድክም ጠላህም ሒሳቡ ከመሞትህ በፊት ታውቋል። አንዷን ሱቅ ሐጂ በሕይወት እያሉ ወቅፍ አድርገዋታል፣ ማለትም ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው ሰጥተዋታል፤ እሷን ማንም አልተነጋገረባትም። በዚያ በር ላይ የተሰቀለ የለም። እኛ ግድግዳውን ተጋርተን ወሬውን ሳንጋራ ቀረን።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሚኒሶታ ደውላ ስለ እናንተ ሰማች። ሳቀችና እሷና ባሏ ቤታቸውን «ሊቪንግ ትረስት» ውስጥ አስገብተው እንደተገላገሉ ነገረችኝ። እንደገባኝ፣ ሰውየው ቆሞ እየሄደ ቤቱን በአደራው ስም ያዞራል። እስካለ ድረስ ባለአደራው ራሱ ነው፤ ይኖርበታል፣ ያከራየዋል። ሲሞት አስቀድሞ የሰየመው ተተኪ ተረክቦ እንደተጻፈው ያስተላልፋል። እነሱ «ፕሮቤት» የሚሉት የፍርድ ቤት ምልልስ በዚያ ቤት ላይ አይመጣም። «ግን አንተ፣» አለች፣ «ስንቱ ነው ለጠበቃ ከፍሎ ወረቀቱን አሠርቶ ቤቱን ማዞሩን የሚረሳው! ያኔ ተመልሶ ፍርድ ቤት ነው።» በሰው ችግር መደሰት ነውር ነው። ትንሽ ግን ደስ አለኝ። እዚያም ቆርቆሮ አለ ማለት ነው።

የኛም የ1952ቱ ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ይናገራል። ንብረቱ ራሱን ችሎ ቆሞ ባለአደራ እንዲያስተዳድረው ማድረግ ይቻላል። በኛ ቤት ግን አደራ ሲባል የምናውቀው አንድ ነው። አባዬ በመጨረሻዋ ሳምንት ሦስታችንን አልጋው አጠገብ ጠርቶ «እናታችሁን አደራ» አለ። «እሺ አባዬ» አልን። ከዚያ እናንተን ገዛን።

ወረቀት እንኳ አልጠፋብንም። ፍርድ ቤት ሄደን፣ ምስክር አሰምተን፣ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተናል። ማስረጃው ወራሽ መሆናችንን ይናገራል እንጂ ቤት አያካፍልም፤ ለክፍፍሉ ወይ መስማማት ነው ወይ ሌላ ክስ። ለማንኛውም ወረቀቱ ባለፈው ሳምንት አስፈልጎኝ ነበር። የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ለሙት ዓመቱ ሦስታችንም ስንገናኝ ከፍተን፣ እንዳይጠፋ ብለን ቡፌው ውስጥ አስቀምጠን፣ ዘጋን።

ስለሆነም ቬንትሌተሩን እንድትለቁልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የአንድ ስድስተኛው ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ትንሿን ላወልቃት ሄድኩ። ቁልፏ አልዞርም አለ። አቧራ በልቷታል። እማዬ ሰፌዷን አስቀምጣ መጣች። ምንም አላለችም። በጣቷ ጫፍ የወጥ ዘይት አመጣችና ቀዳዳው ላይ ጠብ አደረገች። ቀጭ አለች፣ ተከፈተች። «ስጠኝ» አለችኝ። የዶሮ ቤቱን ቆልፋባታለች፤ ድመት አስቸግሯት ነበር። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች።

ግልባጭ፦
ለታላቅ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ
ለእህቴ፣ ዱባይ
ለቬንትሌተሩ፣ ባለበት