ይድረስ ለክቡር "ሲስተም የለም"

ጉዳዩ፦ ያለመኖርዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገቤ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ወገቤ የተያዘው እርስዎን ስጠብቅ ነው።

"ክቡር" ያልኩዎት ለይሉኝታ አይደለም። ሚኒስትር ይሻራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይዛወራል፣ እርስዎ ግን መቼም ከቦታዎ አይነሱም። ስምዎ በመስኮት በኩል አንዴ ሲጠራ ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ የሚታዘዙለት ማን አለ?

ዘርዎንም አውቀዋለሁ። አያትዎ "ነገ ና" ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር እንዳልል አልሞቱም። አባትዎ "ፋይሉ ጠፍቷል"፣ አጎትዎ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"። እነሱ ግን አንድ ድክመት ነበረባቸው። ፋይል ሲጠፋ መዝገብ ቤት ወርደህ ትጨቃጨቃለህ፣ ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጣ በር ላይ ጠብቀህ ትይዘዋለህ። እርስዎን የት በር ላይ ልያዝዎት?

ባለፈው ሐሙስ እንኳ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ የፋይዳዬን ኮፒ (አዎ፣ የዲጂታል መታወቂያዬን ኮፒ፣ ያውም በ2 ቅጂ) እየሰጠችኝ "ዛሬ ባትገባ ይሻልሃል፣ ከትናንት ጀምሮ የለም" አለችኝ። አላመንኳትም። ገብቼ ቁጥር 17 ወሰድኩ።

ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ግልጸኝነት፣ ተጠያቂነት፣ ቅንነት። ከጎኑ ደግሞ የዜጎች ቻርተር፤ የእኔ ጉዳይ 30 ደቂቃ ይፈጃል ይላል። 4 ሰዓት ሲሆን መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ስምዎን ጠራች።

"ሲስተም የለም።"

"መቼ ይመጣል?"

"አይታወቅም።"

"ታዲያ ማንን ልጠይቅ?"

"ሲስተሙ እኮ ነው፣ ወንድሜ።"

በእሷ አልፈርድም። እሷም የምትደውልለት ሰው የላትም፣ ቀኑን ሙሉ የምትሰደበውም እሷው ናት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ እኚህ ሲስተም የሚባሉት ፈቃድ ወጥተው ነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? "አዎ አባባ፣ የዓመት ፈቃድ" አልኳቸው።

ኃላፊውን ላናግር ብዬ 3ኛ ፎቅ ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሏል። በኮቱ ውስጥ ሰው የለም።

ስመለስ አንድ ጎልማሳ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ በጎን በር ሲገባ አየሁት። 10 ደቂቃ ሳይሞላው ቀለሙ ያልደረቀ ማህተም ያረፈበት ወረቀቱን እያራገበ ወጣ። ለካ ነበሩ! ለእኔ "ሲስተም የለም" ማለት "ሰው የለህም" ማለት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

መቼም አገሪቱ እርስዎን ለመገላገል አልተኛችም። "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የሚባለው ስትራቴጂ በ2012 ጸደቀ። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆነለት። ሚያዝያ 2017 ላይ አዲስ አበባ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ፣ እዚያ ሄደው ሳይንገላቱ ጨርሰው የተመለሱ ሰዎችም አውቃለሁ፤ አልዋሽም፣ ቀናሁ። ግን እርስዎ ብልጥ ነዎት። ሪባን ሲቆረጥ ዝር አይሉም። ካሜራው ተጠቅልሎ፣ ውኃና ኩኪሱ ተነስቶ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ በአንዱ ማክሰኞ ከሰዓት ነው ብቅ የሚሉት። የአንድ መሥሪያ ቤት ስም የሚነሳውም የሚወድቀውም ያን ማክሰኞ ነው። ሕዝብ ግንኙነቱ ፌስቡክ ላይ "አመርቂ ውጤት ተመዘገበ" ብሎ ሲለጥፍ ከሥሩ ምን እንደምንጽፍለት እርስዎም ያነቡታል።

ኢስቶኒያ ሄደው ቢሆን ኖሮ ግን ያፍሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ 750,000 ገደማ መታወቂያዎች ቺፓቸው ላይ የደህንነት ክፍተት ተገኘ። በዚያ ሰበብ ተጎዳ የተባለ ሰው አልነበረም። በኢንተርኔት ድምፅ የሚሰጥበት የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ለዝምታ ከዚህ የሚመች ጊዜ የት ይገኛል! መንግሥት ግን ጋዜጠኛ ጠርቶ "ችግር አለብን" አለ፣ ቆይቶም ያልታደሱትን አገደ። ሕዝቡ ሸሸ? በ2023ቱ የፓርላማ ምርጫ ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኢንተርኔት ነው የመረጠው። ነውሩን አደባባይ ያወጣ መንግሥት ስሙ እንዴት እንዳልጎደፈ እርስዎ አይገባዎትም። ለኮቱም የሚገባው አይመስለኝም።

እኔ ተአምር አልጠይቅም። ኔትወርክ ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማሽንም ይታመማል። ሲጠፉ መስኮቱ ላይ አንዲት ወረቀት ትለጠፍልን፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሌሉ፣ ማን እየፈለገዎት እንደሆነ፣ የፈላጊው ስልክ ቁጥር። ኃላፊውም ደረጃውን ወርዶ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናንተ ሂዱ፣ ሲስተካከል እኛ እንደውልላችኋለን" ይበለን። ይህ ከከበደ ደግሞ ወርቃማው ፍሬም ላይ፣ ከእሴቶቹ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል "ሲስተም ሲኖር ብቻ" ተብሎ ይጨመርበት።

ነገ በ2 ሰዓት ተመልሼ እመጣለሁ። ቢኖሩም ባይኖሩም።

ከሰላምታ ጋር
ቁጥር 17

ግልባጭ፦
ለፎቶ ኮፒዋ ልጅ (ትክክለኛ መረጃ የምትሰጠን እሷ ስለሆነች)
3ኛ ፎቅ ወንበር ላይ ለተሰቀለው ኮት