«64 ጊጋባይት» ብሎ 8 ስለሚይዘው ፍላሽ

ጅማ መርካቶ ውስጥ «64 ጊጋባይት» የተባለ ፍላሽ ስትገዙ ጽሑፉን አትመኑ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሐሰተኛ ፍላሽ ገዝቻለሁ፤ በሦስተኛው የታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለት ምዕራፍ ጠፍቷል።

የእህቴ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ራሙም (ማሽኑ ሲሠራ ብቻ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማኅደሩ) 2 ጊጋባይት ስለሆነ ቢያንስ 4 የሚጠይቀውን ዊንዶውስ 11ን አይችልም። አዲስ የምንገዛበት ገንዘብ ስለሌለን፣ አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን ፓፒ ሊኑክስ የተባለ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ፍላሽ ላይ ጫንኩላት። ፓፒ ሲነሣ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሆነውን ዋና ፋይሉን ወደ ራም ገልብጦ ከዚያው ስለሚሠራ ሃርድ ዲስክ አያስፈልገውም፤ ተጠቃሚው የሠራው ሁሉ ደግሞ ፍላሹ ላይ ባለ አንድ ማስቀመጫ ፋይል ውስጥ ይገባል። አሮጌ ማሽን ለያዘ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም።

ሐሰተኛው ፍላሽ የሚጎዳው ግን በዚሁ የፓፒ መልካም ጎን በኩል ነው። መቆጣጠሪያ ቺፑ 8 ጊጋባይቱን 64 ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲናገር ተደርጓል፤ 8ቱ ሲሞላ ቀጥሎ የሚመጣውን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደርበዋል፤ የስሕተት መልእክት ግን አያሳይም። ሥርዓቱ ራም ላይ ስለሚሠራ ጉዳቱ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ አይታወቅም። እህቴ የትምህርት ቪዲዮዎቿን ገልብጣ፣ ጽሑፏን አስቀምጣ ተኛች፤ ጠዋት ማስቀመጫ ፋይሉ አልከፈት አለ።

ፍላሹን ይዤ ስመለስ ሻጩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያሳየ «ይኸው፣ 64 ይላል እኮ» አለኝ። የተጭበረበረው ያ ቁጥር ራሱ መሆኑን ባስረዳውም አልሰማኝም። ኤፍ3 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያሳያል፤ ነገር ግን በሰከንድ 5 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ 64 ጊጋባይት እስኪሞላ፣ መብራት ባይጠፋ እንኳ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ይህን ያህል ሱቁ ውስጥ የሚያስቀምጠኝ ሻጭ የለም፤ ቤት ወስጄ ፈትሼ ስመልሰው ደግሞ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» እባላለሁ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ ነጋዴው ከየካርቶኑ አንድ አንዱን ይፈትሽ፣ ለገዢም የሁለት ቀን የመመለሻ ጊዜ ይስጥ። ለፓፒ 8 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው፤ 8 ተብሎ በ8 ዋጋ ቢሸጥልኝ ደስ ብሎኝ እገዛ ነበር። እህቴ አሁን የጠፉትን ምዕራፎች አማካሪዋ አርሞ ከመለሰላት የወረቀት ቅጂ ላይ እንደገና እየተየበች ነው።