ተስማምቶ ለመፋታት ጠበቃ ምን ያደርጋል?

ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ጠበቃ ሳትይዝ አዲስ አበባ ላይ የተፋታች ባለጉዳይ ናት። ሌላው የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ነው።

ባለጉዳይዋ፦ እኛ አልተጣላንም። አብሮ መኖር አቃተን፣ በቃ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ተስማምተው የሚፋቱትን ምክንያት ተናገሩ ብሎ አያስገድድም። ከተጋቡ ስድስት ወር ይለፋችሁ ነው የሚለው፤ እኛን ዓመታት አልፈውናል። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ስር የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውንም ስምምነቱንም ጻፈልን። መዝገብ ከፈትን። ዳኛዋ ለየብቻ አነጋገሩን። "ተገደሽ ነው?" አሉኝ። "አይ" አልኩ። ማሰቢያ ጊዜ ሰጡን፤ ሕጉ እስከ ሦስት ወር ይፈቅዳል። ተመለስን፣ ሐሳባችን ያው ነው፣ ጸደቀልን። ጠበቃ እዚህ መሃል ምን ሊሠራ?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ መፋታቱስ ቀላል ነው። ጣጣው ወረቀቱ ላይ ነው። "ኮንዶሚኒየሙ ለሚስት ይሁን" የሚል ስምምነት ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለሽ! የባንክ ዕዳውን ማን ይክፈል? ዝም። ውሉ በባል ስም ከሆነ ስሙ መቼ ይዛወር? ዝም። "አባት ቀለብ ይቁረጥ" ይላል፤ ስንት ብር? የትምህርት ቤት ክፍያስ? በፍቅር የተጻፈው ወረቀት በዓመቱ ባልና ሚስቱን አፈጻጸም ችሎት፣ ማለትም ፍርድ የሚያስፈጽመው ችሎት ዘንድ ይዟቸው ይመጣል።

ባለጉዳይዋ፦ ዳኛ አለ አይደል እንዴ? ስምምነቱ የልጆቹን ወይም የአንዳችንን ጥቅም ካላስጠበቀ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ በቀረው ላይ ራሱ ይወስናል። አንቀጽ 80 ነው፣ አንብቤዋለሁ። ደግሞ ጠበቃ ሲገባ ነገር ይከራል። ያልነበረ ጠብ ይወለዳል።

ጠበቃው፦ አልክድም፣ ነገር የሚያከሩ አሉ። ለማመልከቻው ጠበቃ ያዙ አላልኩም። ከመፈረማችሁ በፊት ለአንድ ሰዓት አስነብቡት ነው የምለው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያልተጻፈውን ግን ዳኛ ከየት ያመጣዋል? የእናንተ ስምምነት መጨረሻው ላይ ምን ይላል?

ባለጉዳይዋ፦ "ሌላ የጋራ ንብረት የለንም።"

ጠበቃው፦ እቁብስ?

ባለጉዳይዋ፦ እሱ ይጥል ነበር። በየወሩ፣ ከደመወዙ። ዕጣው የወጣለት ከተፋታን በኋላ ነው። ራፖር ጸሐፊው "ሌላ ንብረት አለ?" ሲለን ሁለታችንም የቤቱን ውል እያየን "የለም" አልን። እውነቱን ለመናገር፣ ትዝም አላለኝ።