ማስተካከያ፦ «በ55 በመቶ ይፈጥናሉ» ስላልነው

ቀደም ባለው ጽሑፋችን «ጊትሃብ ኮፓይለትን የሚጠቀሙ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በ55 በመቶ ፈጥነው ይጨርሳሉ» ብለን ነበር፤ ኮፓይለት ኮድ በመጻፍ የሚያግዝ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያ ነው። ተሳስተናል። ቁጥሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 በ95 ፕሮግራመሮች ላይ በተደረገ ሙከራ ሲሆን፣ የተሰጣቸውም አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የኤችቲቲፒ ሰርቨር (ለድረ ገጽ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) መጻፍ። ኮፓይለት የያዙት በአማካይ በ1 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሲጨርሱ፣ ያልያዙት 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። የቆየ የባንክ ሲስተም የሚጠግን ባለሙያ ውሎ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰዓቱ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ በማንበብ ያልቃል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2025 ሜትር (METR) የተባለው የኤአይ ጥናት ተቋም 16 ልምድ ያላቸውን ፕሮግራመሮች በለመዱት ፕሮጀክት ሲፈትን፣ በኤአይ ሲሠሩ 19 በመቶ ዘግይተዋል፤ እነሱ ግን የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። በጽሑፋችን ተመርታችሁ ሠራተኛ ለመቀነስ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በዚያ ቁጥር አትወስኑ። ይቅርታ እንጠይቃለን።