ለክቡር 49 ደቂቃ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቤተ ዘመድ እያጣሉ መሆኑን ስለ ማሳወቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን።

የተዋወቅነው በስልክ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እኅቴ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል፣ ባሕር ማዶ የሚኖረው ወንድማችን በስልኩ ላይ የቦሌንና የኮምቦልቻን ስም ጽፎ እርስዎን አገኘ። «በአውሮፕላን 49 ደቂቃ ነው፤ በዋዜማው ደርሰህ ድንኳኑን አስተክል» ብሎ አዘዘኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤተ ዘመዱ ዘንድ ሰነፉ እኔ ነኝ።

የዘር ሐረግዎን አጣራሁ። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል፣ በምድር ክብነት ላይ አጭሩ መስመር ይሰመራል፤ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይካፈልና 19 ደቂቃ ይሆናል። ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ምራቂ ይጨመራል። በቃ፣ ተወለዱ! ወደ አገር ውስጥ ከተሞች የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር ብዙም እንደማይዘል ማን ይንገርዎ? በዕለቱ በረራ ይኑር አይኑርስ መች ይጠይቃሉ?

ይህን እንኳ ይቅር ልበልዎ። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየባት ተብሎ ስም የወጣላት ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከሰማይ የሚያርፍብን ውርጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ለመብረር መጀመሪያ 130 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ መጓዝ አለብኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጋቢዬን ተከናንቤ እነሣለሁ፤ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፌ ቦሌ እገባለሁ፤ ቀበቶና ጫማ አወልቃለሁ፤ ለእኅቴ ስለያዝኩት አረቄ ለፈታሹ አስረዳለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። እርስዎ መቁጠር የሚጀምሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዚያውም የሚወስዱኝ ሰሜን ሸዋን በሰማይ አቋርጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሸሸሁት አቅጣጫ መልሰው!

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። ከደብረ ብርሃን ኮምቦልቻ በመኪና 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ጠመዝማዛው ሁሉ ተቆጥሮ፣ እርስዎ ከቦሌ በቀጥታ ከሚበሩት አይበልጥም።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ጣርማ በር፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ ጉሙ ወርዶ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት እንኳ አልታይ አለ። ሾፌሩ ጣሊያን ወዳስፈለፈለው ዋሻ በጥሩንባ ገባ፤ ከጎኔ የነበሩት እናት ማርያምን እየጠሩ፣ ማርያም ስትዘገይ እኔን እየቆነጠጡ። ከዋሻው ማዶ መንገዱ እንደ ተፈታ መቀነት እየተጥመለመለ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ጧት የተከናነብኩትን ጋቢ ሸዋ ሮቢት ላይ አጣጥፌ ላብ ጠረግኩበት። እርስዎ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነበሩ?

ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ወንድሜም ደወለ፦ «49 ደቂቃ አልነበረም እንዴ?»

መልስ ካለዎት በአውቶቡስ ይላኩልኝ። በአየር ከላኩት ልቀበለው ቦሌ ድረስ መውረዴ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ከደብረ ብርሃን አንድ ተሳፋሪ