ሩብ ሰው ሲነሳ ስንት ቅኝት ይቀራል?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገንዘብ አጥሮኛል ብሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ከዘጠኝ ተልዕኮዎቹ ሩቡን ሰላም አስከባሪ፣ ከ13 እስከ 14 ሺህ ወታደርና ፖሊስ፣ እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ «ምን ችግር አለው? ሩብ ሰው ቢሄድ የሚጎድለው ሩብ ሥራ ነው» የሚል መከራከሪያ ተከትሎ መጣ። ይህን የሚል ሰው የካምፕ አጥር አይቶ አያውቅም።

እስቲ እናስላው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሻለቃ 800 ሰው አለው እንበል። በአንድ የጥበቃ ማማ ላይ ሁለት ሁለት ሰው በሦስት ፈረቃ ሲቆም በቀን ስድስት ሰው ይፈልጋል። ማማውና የፍተሻ በሩ 20 ከሆኑ 120 ሰው አለቀ። ወጥ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ሬዲዮው፣ ክሊኒኩ፣ መጋዘኑና ጄኔሬተሩ 200 ይዘዋል። ፈቃድ የወጣና የታመመ 80 ይሁን። ለቅኝት፣ ማለትም መንገድና መንደር እየዞሩ ለመጠበቅ፣ እና ለአጀብ የሚተርፈው 400 ነው። አሁን 200 ሰው ቀንሱ። አጥሩ አላጠረም፣ ማማው አልፈረሰም። ከወጥ ቤቱ ጥቂት ሰው ይነሳ ይሆናል፤ የቀረው በሙሉ የሚነሳው ከቅኝቱ ነው። ሩብ የተባለው ቅነሳ መንገድ ላይ ሲደርስ ወደ ግማሽ ተጠጋ ማለት ነው። ቅኝት ደግሞ በአንድ መኪና አይወጣም፤ ሐኪም፣ ሬዲዮ፣ የተበላሸ የሚጎትት ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰረዘው ሩቅ ሄዶ የሚያድረው ቅኝት ነው፤ መንደሮቹን የሚጠብቀውም እሱ ነበር። ታጣቂዎች ይህን ለማወቅ ሰላይ አያስፈልጋቸውም፤ መንገዱን ማየት ይበቃቸዋል።

ቁጠባውስ? ተልዕኮዎቹ የታዘዙት ወጪያቸውን በ15 በመቶ እንዲቀንሱ ነው፤ ለዚያ ነው 25 በመቶ ሰው የሚሄደው። ወታደር መመለስ ራሱ ገንዘብ ይበላል፦ አውሮፕላን፣ መርከብ፣ የብረት ለበሱ እጥበትና ማሸግ፣ የሚዘጋው ካምፕ ጽዳት። የበጀት ዓመቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ጀምሮ ሳለ በጥቅምት ሲቀነስ የዓመቱ ቁጠባ በቀሩት ወራት መውጣት ስላለበት የሚሄደው ሰው ይበዛል።

ጉድጓዱን የቆፈረው ደግሞ ወታደሩ አይደለም። በጸጥታው ምክር ቤት እጇን አውጥታ ተልዕኮ የምታጸድቀው አሜሪካ ቅነሳው ሲታወጅ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ውዝፍ የሰላም ማስከበር መዋጮ ነበረባት። መዋጮ ሲዘገይ ለአንድ ወታደር በወር የሚከፈለው፣ ከ1,400 ዶላር ጥቂት የሚበልጠው ገንዘብ ለወታደር ላኪው መንግሥት ሳይደርስ ይከርማል። እነ ኔፓልና ሩዋንዳ ለዓለም አበዳሪ ሆነዋል፤ ያውም ያለ ወለድ!

በቆጵሮስ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቆየው ተልዕኮ መቼ ያበቃል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እሺ። እሱን ግን ምክር ቤቱ ተወያይቶ ይወስን እንጂ ባዶ ካዝና አይወስንለት። ቅነሳው ሲታወጅ ሲቪሎችን ጠብቁ፣ እርዳታ አጅቡ፣ ተኩስ አቁሙን ተከታተሉ ከሚለው የሥራ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተሰረዘም።